ረግረግ ሲንጣፈፍ ማን ያተርፋል፣ ማን ይከፍላል?

በፋሲካ ዋዜማ ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ መንገድ ዳር ለምለም ቄጤማ በየእስሩ ተደርድሮ ይሸጣል። ቀዳም ሹር ጠዋት ቀሳውስቱ ለምዕመኑ ያድሉታል። በሌላውም በዓል ለቡና ይጎዘጎዛል። ቄጤማው የሚታጨደው ከረግረግ ነው። መሀል ከተማ የሚኖር ሰው ረግረግን በቀጥታ የሚያገኘው ባብዛኛው በዚህ ብቻ ነው። ከዚያ ውጪ ስሙን የሚሰማው በዜና ነው። አንድም ጎርፍ ሰው ሲያፈናቅል፣ አንድም አዲስ የመስኖ እርሻ ሲጎበኝ።

ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ሁለተኛው ዜና በዝቷል። የበጋ መስኖ ስንዴ ወደ ቆላው ወርዷል። ሩዝ እየተስፋፋ ነው። ውሃ የሚተኛባቸው ሜዳዎችም ለእርሻ ይታጫሉ። ክርክሩም አብሮ መጥቷል። አንዱ ወገን ሆላንዶች ባሕር አድርቀው ሲበለጽጉ እኛ ረግረጉን ለእንቁራሪት ትተን ስንዴ ከውጭ እንገዛለን ይላል። ሌላው ወገን ረግረግ ከነጭራሹ አይነካ ይላል። ሁለቱም የሚያወሩት ስለ ውሃው ነው። ከታሪኩ የሚታየው ግን ከባዱ ጥያቄ ውሃው ከሄደ በኋላ የሚመጣው መሆኑ ነው። መሬቱን ማን ይይዘዋል? ቦዩን ከሠላሳና ከመቶ ዓመት በኋላ ማን ይጠርገዋል?

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ዓ.ም. ካልተባሉ በስተቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማንጣፈፍ እና መከለል

ረግረግ የሚፈጠረው ወደ አንድ ረባዳ ቦታ የሚገባው ውሃ ከሚወጣው ሲበልጥ ነው። ውሃው አፈሩን ሞልቶ ስለሚቆይ አየር አይገባም። የስንዴ፣ የበቆሎ ወይም የጤፍ ሥር ደግሞ ያለ አየር ይታፈናል። ስለዚህ ገበሬው የሚፈልገው ውሃውን ማጥፋት አይደለም። ከሥሩ በታች ዝቅ እንዲልለት ነው የሚፈልገው። ይህ ነው ማንጣፈፍ።

መሣሪያዎቹ ሦስት ናቸው። ውሃውን ወደ ዝቅተኛ ቦታ የሚወስድ ቦይ አለ። ወንዙ ሲሞላ ተመልሶ እንዳይገባ የሚያግድ የአፈር ክትር አለ። ዝቅ ያለ ቦታ ከጠፋ ደግሞ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋ ፓምፕ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ርካሽ ነው። ሦስተኛው ለዘለዓለም ገንዘብ ይበላል።

ነገሩ ለእኛ አገር ገበሬ ባዕድ አይደለም። በዋልካ መሬት ላይ ክረምቱን ውሃ የሚተኛበት የሸዋና የጎጃም ገበሬ በማሳው ላይ ፈሰስ ያወጣል። በ1980ዎቹ አዲስ አበባ የነበረው ዓለም አቀፉ የአፍሪካ የቁም እንስሳት ማዕከል፣ በምሕጻሩ ኢልካ፣ ከአጋሮቹ ጋር ሆኖ ሁለት ማረሻ በማጣመር ሰፊ መደብና ቦይ የሚያወጣ መሣሪያ አዘጋጅቶ ነበር። ዛሬም በግብርና ባለሙያዎች ዘንድ ቢቢኤም በሚል ስም ይታወቃል። ሐሳቡ ያው ፈሰስ ነው፣ በተሻለ መሣሪያ።

መከለል ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ረግረግ ብዙውን ጊዜ አንድ ባለቤት የለውም፤ ተጠቃሚው ግን ብዙ ነው። አንዱ በበጋ ከብት ያሰማራበታል። ሌላው ዓሣ ያጠምድበታል። አንዷ ሣር አጭዳ ትሸጣለች። ቤት የሚከድነው ሰው ሰንበሌጡን ይፈልገዋል። እነዚህ መብቶች ተደራራቢ ናቸው። ወቅትም ይከተላሉ። ውሃው በየዓመቱ ስለሚገፋና ስለሚሸሽ ድንበር ማስመር ያስቸግራል። ቦይ ሲቆፈር ድንበር ይገኛል። ድንበር ያለው መሬት ይለካል። የተለካ መሬት ደግሞ ለአንድ ሰው ይሰጣል። የጋራ መሬትን እንዲህ አጥሮ የግል ማድረግን እንግሊዞች «ኢንክሎዠር» ይሉታል። በብዙ አገር ማንጣፈፍና መከለል ተከታትለው ስለመጡ እንደ አንድ ነገር ይታያሉ። አንዱ ያለ ሌላው ሊሆን እንደሚችል ወደ በኋላ እናያለን።

ሆላንዶች የከፈሉት

የኔዘርላንድስ ታሪክ እዚህ አገር ሲነገር ከመሀሉ ነው የሚጀመረው። ሆላንዶች መጀመሪያ ያደረቁት ባሕር አልነበረም። በመካከለኛው ዘመን የባሕር ዳር ረግረጋቸውን በቦይ እያንጣፈፉ አረሱ። አፈሩ ሲደርቅ ቁልቁል ሰጠመ። መሬቱ ዝቅ ባለ ቁጥር ባሕሩና ወንዙ መግቢያ አገኙ። ከዚያ ክትር ሠሩ፤ ቀጥሎ የነፋስ ወፍጮን ውሃ ወደ ላይ ለመግፋት ተጠቀሙበት። በሌላ አነጋገር፣ ዛሬ የምናደንቀው ቴክኖሎጂ በከፊል ራሳቸው የከፈቱትን ጉድጓድ ለመድፈን የመጣ ነው።

ሐይቅን ወይም የባሕርን ክፋይ በክትር ከበው፣ ውሃውን አውጥተው የሚያገኙት መሬት «ፖልደር» ይባላል። የአምስተርዳም ነጋዴዎች ገንዘባቸውን አዋጥተው በ1612 የቤምስተርን ሐይቅ አደረቁ። ከ40 በላይ የነፋስ ወፍጮዎች ሠርተውበታል። በ1852 ደግሞ የሃርለም ሐይቅ በእንፋሎት ፓምፕ ተመጥጦ አለቀ። ስኪፕሆል አየር ማረፊያ ዛሬ የተቀመጠው በዚያ ሐይቅ ወለል ላይ ነው። የኢትዮጵያ ጽጌረዳ የሚሸጥበት የአልስሜር የአበባ ጨረታም ጎረቤቱ ነው።

ከሁሉ በላይ ልብ ማለት የሚያስፈልገው ግን ተቋሙ ነው። ከ13ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ «ዋተርስካፕ» የሚባሉ የውሃ ማኅበራት አሏቸው። ክትርና ቦይ ይቆጣጠራሉ። የራሳቸውን ግብር ይሰበስባሉ። ቦርዳቸው ይመረጣል። ዛሬ 21 ቀርተዋል፤ ከማዕከላዊው መንግሥት የሚበልጥ ዕድሜ ያላቸውም አሉ። ፓምፑ ቢቆም የአገሪቱ ሰፊ ክፍል ውሃ ይገባዋል። ስለዚህ ጥገናው በጀት ሲገኝ የሚሠራ ነገር አይደለም። «እንደ ሆላንድ እናድርግ» የሚለው ሰው ፓምፑን ያያል። ማኅበሩን ግን አያይም።

የእንግሊዝ ፌን፦ ውሃውም አፈሩም ሲሄድ

በምሥራቅ እንግሊዝ ፌን የሚባል ሰፊ ረግረግ ነበር። ነዋሪው እንደ እባብ የረዘመውን ኢል የተባለ ዓሣና ሌላም ዓሣ ያጠምዳል። የውሃ ወፍ ያድናል። ሸምበቆ ያጭዳል። ውሃው በሸሸበት ወራት ከብት ያግጣል። የተጠራቀመውን ጥቁር አፈር ቆርጦ አድርቆ ያነደዋል። ከውጭ ለሚያይ ባለሥልጣን ግን ቦታው የወባና የሰነፍ መኖሪያ ነበር። ይህ አመለካከት የእንግሊዝ ብቻ እንዳልሆነ መቼም ግልጽ ነው።

በ1630 የቤድፎርድ መስፍን ከባለሀብቶች ጋር ሆኖ ሰፊውን ክፍል ለማንጣፈፍ ተዋዋለ። መሐንዲሱ ቆርኔሌዎስ ፈርሙይደን የተባለ ሆላንዳዊ ነበር። ለዋጋው 95 ሺህ ኤከር መሬት ይሰጣቸዋል፤ ወደ 38 ሺህ ሄክታር መሆኑ ነው። ከዚያ ላይ 12 ሺህ ኤከሩ ለንጉሡ ነው። የ40 ሺህ ኤከሩ ገቢ ደግሞ ለሥራው ጥገና ይቀመጣል። ይህችን የመጨረሻዋን አንቀጽ ልብ በሉልኝ። የ17ኛው መቶ ዘመን ውል የጥገናውን ገንዘብ ከየት እንደሚያመጣ አስቀድሞ ጽፏል። በእኛ ዘመን ብዙ የእርሻ ፕሮጀክት ይህን አይጽፍም።

34 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ቀጥ ያለ ቦይ ተቆፈረ። ነዋሪው ዝም አላለም። ቦይ ደፈነ፣ ክትር ሰበረ፣ ፍርድ ቤት ሄደ። ሥራው በእርስ በርስ ጦርነቱ ዘመን ተቋረጠ። ከ1649 በኋላ ሲቀጥል ከቆፋሪዎቹ መካከል የጦር እስረኞች የሆኑ ስኮትላንዳውያንና ሆላንዳውያን ነበሩ።

ምርቱ መጀመሪያ አስደናቂ ነበር። ምክንያቱም ቀላል ነው። በረግረግ ውስጥ የሞተ ዕፅዋት አየር ስለማያገኝ ሙሉ በሙሉ አይበሰብስም። በሺህ ዓመታት እየተጠራቀመ «ፒት» የሚባል ጥቁር፣ ቀላል አፈር ይሆናል። ውሃው ሲወርድ አየር ይገባል። አፈሩ በድንገት መብላላት ይጀምራል፤ ለሺህ ዓመታት የታመቀው ምግብ ለሰብሉ ይለቀቃል። የመጀመሪያው ዓመት ማሳ ፎቶ የሚያታልለው ለዚህ ነው። ገበሬው የሚያጭደው የዓመቱን ምርት ብቻ አይደለም። የአፈሩን ጥሪት እየበላ ነው።

ፒት ሲደርቅ ፀሐይ ላይ እንደተሰጣ የእንጀራ ድርቆሽ ይኮማተራል። ቀሪው እየተብላላ ወደ አየር ይሄዳል፤ ንፋስም ይጠርገዋል። መሬቱ ዝቅ ሲል ቦዮቹ ከማሳው በላይ ቀሩ። በራሱ ይፈስ የነበረው ውሃ በነፋስ ወፍጮ መገፋት ነበረበት። ከ1820ዎቹ ጀምሮ ወፍጮውም አልበቃ ብሎ የእንፋሎት ሞተር መጣ፤ ቀጥሎ ናፍጣ፣ ቀጥሎ ኤሌክትሪክ። ሆልም በሚባል ቦታ በ1851 ገደማ አንድ የብረት ምሰሶ ጫፉ ከመሬት እኩል እስኪሆን ድረስ ተቀብሮ ነበር። ዛሬ ከመሬቱ 4 ሜትር ያህል ወጥቶ ቆሟል። ምሰሶው ንቅንቅ አላለም። የወረደው አገሩ ነው።

ፌን ዛሬም ከእንግሊዝ ምርጥ የአትክልት መሬቶች አንዱ ነው። ከሸፈ ማለት ስህተት ይሆናል። ግን ብዙው መሬት ከባሕር ጠለል በታች ሆኖ በፓምፕ ነው የሚኖረው። ጥቁሩም አፈር በብዙ ቦታ እየሳሳ ነው። ረግረጉን አጥተው ቅጥር ሠራተኛ የሆኑት ሰዎች ልጆች ከዚህ ትርፍ ምን እንዳገኙ ደግሞ የተለየ ሒሳብ ነው።

ከሮም ደቡብ እስከ ሆለታና ቢሾፍቱ

ሦስተኛው ታሪክ ለእኛ ይቀርባል። ከሮም በስተደቡብ ያለውን የፖንቲና ረግረግ ከጥንት ቄሣሮች እስከ ሊቃነ ጳጳሳት ብዙዎች ለማድረቅ ሞክረው አልሆነላቸውም። ሙሶሊኒ በ1930ዎቹ ቦይ፣ ፓምፕና በአሥር ሺዎች የሚቆጠር የሰው ጉልበት አፍስሶ አደረቀው። በ1932 ሊቶሪያ የምትባል ከተማ ተመሠረተች። ከሰሜን ኢጣሊያ የመጡ የቀድሞ ወታደሮች ቤተሰቦች ሰፈሩበት።

ሥራውን የመራው የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር የሚባለው ተቋም ነበር። ይኸው ተቋም በወረራው ዘመን ሆለታና ቢሾፍቱ ላይ ለኢጣሊያውያን ሰፋሪዎች የእርሻ ሰፈር አቋቋመ። ባዶ የተባለን መሬት መለካት፣ እኩል እኩል መሸንሸን፣ ከሌላ ቦታ ሰው አምጥቶ ማስፈር፤ አሠራሩ ያው ነበር። ልዩነቱ እዚህ መሬቱ ላይ የሚያርስ ሰው መኖሩ ነው። ዕቅዱ በአምስት ዓመት አበቃ። የፖንቲናም ታሪክ ቢሆን በድል ብቻ አልተዘጋም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ ላይ ጀርመኖች ፓምፖቹን አስቁመው ሜዳውን መልሰው በውሃ አጥለቀለቁት፤ ወባም ተመለሰች። በፓምፕ የሚኖር መሬት ከሰላም ጋር የተጋባ ነው።

አዋሽ፦ ወንጂ፣ ተንዳሆ፣ በሰቃ

በአገራችን ትልቁ የቆላ ሜዳ ክለላ የተካሄደው አዋሽ ላይ ነው። የጀመሩትም ሆላንዶች ናቸው። በኢንዶኔዥያ የሸንኮራ እርሻ የነበረው ኤችቪኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ አገሪቱ ነጻ ስትወጣ ሌላ መሬት ፈለገ። በ1951 ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጋር ተዋዋለ። በ1954 ወንጂ ስኳር ማምረት ጀመረ። ወንጂ ወንዙ ሲሞላ ውሃ የሚተኛበት፣ ወባ ያለበት ሜዳ ነበር። ሆላንዶቹ የሚያውቁትን አደረጉ፤ ክትር፣ ቦይ፣ ፓምፕ።

ሜዳው ግን ባዶ አልነበረም። የጅሌ ኦሮሞዎች በበጋ ከብታቸውን የሚያሰማሩበት ነበር። ከስኳሩ አገሪቱ ተጠቅማለች፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም ሥራ አግኝተዋል። ከሌላው ዓምድ ደግሞ የሚጻፍ አለ። የጉድጓዱ ውሃ ፍሎራይድ የበዛበት ስለነበር ለዓመታት የጠጡት ሠራተኞችና ልጆቻቸው ጥርሳቸው ቡናማ ሆነ፤ አጥንታቸው የተጎዳም ብዙ ናቸው። ረግረግ አጥሮ ከተማ መሥራት የመጠጥ ውሃም ማሰብን ይጠይቃል።

በ1960 የቆቃ ግድብ ተጠናቀቀ። ከዚያ በኋላ የአዋሽ ሙላት ቀነሰና ታችኛው ሸለቆ ለሰፋፊ እርሻ ተከፈተ። ተንዳሆ ላይ ሚቼል ኮትስ የተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ ጥጥ ተከለ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ስሌት አለ። የተወሰደው መሬት ከአፋር ስፋት አንጻር ሲታይ ትንሽ ነው። ነገር ግን በበጋው ድርቅ ሣር የሚቀረው እሱ ላይ ብቻ ነው። አርብቶ አደሩ ዘጠኙን ወር ሰፊውን ደረቅ ሜዳ መጠቀም የሚችለው ሦስቱን ወር የሚያሳልፍበት ወንዝ ዳር ስላለው ነው። ትንሿ ስትወሰድ ትልቁም ዋጋ ያጣል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ድርቁ ሲመጣ አፋር ያን ያህል የተጎዳበት አንዱ ምክንያት ይህ እንደሆነ ብዙ አጥኚዎች ይስማማሉ።

ከዚያ ጨው መጣ። ቆላ ላይ መስኖ ውሃ ብቻ አይደለም የሚያመጣው። ውሃው ይተናል፣ ጨው ይቀራል። ትርፉ ውሃ መውጫ ከሌለው ከሥር ያለው የከርሰ ምድር ውሃ ከፍ ይልና ጨውን ወደ ላይ ይገፋል። አሚባራና መልካ ሰዲ ላይ የሆነው ይህ ነው። ጥጥ የሞላበት ማሳ ነጭ እየሆነ ተተወ። በተተወው መሬት ላይ ፕሮሶፒስ የተባለው እሾኻም ዛፍ ወረረ። በኋላ ከመሬት በታች ማንጣፈፊያ ቱቦ የመቅበር ሥራ ተጀመረ። መጀመሪያ መቅበር ይቀል ነበር።

መተሐራ አጠገብ ያለው የበሰቃ ሐይቅ ሌላው ማስረጃ ነው። በ1960ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ዛሬ ከ40 ይበልጣል። ወደ ጅቡቲ የሚሄደውን መንገድና የቀድሞውን የባቡር ሐዲድ እስከ መፈታተን ደርሷል። በምክንያቱ ላይ ባለሙያዎች አንድ አይደሉም። አንዳንዶቹ ከአካባቢው የመስኖ እርሻዎች የሚሰርገውን ውሃ ይከሳሉ። ሌሎቹ ደግሞ የስምጥ ሸለቆው መሬት እንቅስቃሴ የፍል ውሃዎችን መንገድ ለውጧል ይላሉ። ሁለቱም ተደራርበው ሊሆን ይችላል። የሐይቁ መስፋፋት ከመስኖው መስፋፋት ጋር በጊዜ መገጣጠሙ ግን የመጀመሪያውን ሐሳብ ክብደት ይሰጠዋል። ጨዋማው ውሃ በቦይ ወደ አዋሽ ሲለቀቅ ደግሞ ችግሩ ወደ ታችኛው ተጠቃሚ ይሄዳል።

ክትር ጎርፍን ያጠፋል?

አያጠፋም። ይገፋዋል፣ ወይም ያዘገየዋል። ወንዝ ሲሞላ የሚተኛበት ሜዳ ከታጠረበት ያው ውሃ በጠበበ ቦታ ከፍ ብሎና ፈጥኖ ይወርዳል። የሚያገኘውም ከታች ያለውን ሰው ነው። ግድብ ሲኖር ደግሞ ለዓመታት ጎርፍ ስለማይታይ ሰው ወንዙ ዳር ይሰፍራል። ከዚያ ግድቡ በደለል ይሞላል፤ ቆቃ ላይ የታየው ይኸው ነው። በነሐሴ 2012 ዓ.ም. አዋሽ ሞልቶ በአፋር ከ100 ሺህ በላይ ሰው ሲጎዳ ዜናው «ከፍተኛ ዝናብ» ነበር። ዝናቡ እውነት ነው። ውሃው ይተኛበት የነበረው ሜዳ ምን ሆነ የሚለው ግን አልተነሳም።

አዲስ አበባ መሀል ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ቀበናና ባንትይቀጡ ቀድሞ እርጥብ ዳርቻ ነበራቸው። ፍልውሃ ዙሪያ የነበረው ሜዳ ዛሬ አስፋልትና ሕንፃ ነው። በወንዝ ዳርቻ ልማቱ ላይ የሚደረገው ክርክርም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ቆሻሻው መጽዳቱን የሚጠላ የለም። ዳርቻው በግንብ የሚጠብ ከሆነ ግን የክረምቱ ውሃ ፍጥነቱን ይዞ ወደ አቃቂ ነው የሚወርደው። ዳርቻው ሣርና ዛፍ ሆኖ ሲሰፋ ሙላቱ ማረፊያ ያገኛል።

ጋምቤላ ላይ ስህተቱ በፍጥነት ነው የተገለጠው። ካሩቱሪ የተባለው የህንድ ኩባንያ በባሮ ዳርቻ 100 ሺህ ሄክታር ተከራየ፤ ወደ 300 ሺህ የማሳደግ ተስፋም ነበረው። ክትር ሠርቶ በቆሎ ዘራ። በ2011 ባሮ ሞልቶ በቆሎውን ወሰደው። ውሉ በ2015 መጨረሻ ተቋረጠ። የአኙዋክ ገበሬዎች ውሃው ሲሸሽ በወንዙ ዳር ይዘራሉ፤ ኑዌሮች ከብታቸውን ይዘው ከሙላቱ ጋር ይንቀሳቀሳሉ። ባሮ በየዓመቱ የት ድረስ እንደሚመጣ እነሱን መጠየቅ ይቻል ነበር።

ሳይከልሉ ማረስ፦ ኢሉባቦርና ፎገራ

ከዚህ ሁሉ ረግረግ አይታረስም የሚል መደምደሚያ አይወጣም። በኢሉባቦር፣ በመቱ ዙሪያ፣ ገበሬዎች ጨፌውን ለትውልድ ሲያርሱት ኖረዋል። በጥርና በየካቲት ሣሩን መንጥረው ቦይ ያወጣሉ። በቆሎ ይዘራሉ። ጎተራ ባዶ በሚሆንበት በክረምቱ መግቢያ ላይ እሸቱ ይደርሳል። ከዚያ ቦዩን ይደፍኑታል። ውሃው ይመለሳል። ቄጤማውም ይመለሳል። የጨፌው ራስ፣ ምንጩ ያለበት ቦታ፣ ብዙውን ጊዜ አይነካም። ቦይ ጠረጋው የጋራ ነው። አባ ለጋ የሚባል ኃላፊ ማን መቼ እንደሚቆፍርና እንደሚደፍን ያስተባብራል። አንዱ ከላይ ያለ ሰው ቦዩን ቢዘጋ ከታች ያለው ማሳ ስለሚሰጥም ብቻውን መሥራት የሚችል የለም።

ይህም ቢሆን ሁልጊዜ አልሰመረም። የምግብ እጥረት ሲመጣ ከላይ «እያንዳንዱ ጨፌ ይታረስ» የሚል ግፊት የወረደባቸው ጊዜያት ነበሩ። ሥርዓቱ በተጣሰባቸው ቦታዎች ጨፌው ሙሉ በሙሉ ደርቆ ለሰብልም ለቄጤማም የማይሆን ጠንካራ ግጦሽ ሆኗል። ምንጭ የነጠፈባቸውም አሉ።

ፎገራ ሌላ መንገድ ሄደ። ርብና ጉማራ በየክረምቱ የሚያጥለቀልቁት ይህ የጣና ዳር ሜዳ በ1970ዎቹ ዓ.ም. ከሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ጋር ሩዝ ተዋወቀ። ሩዝ ሥሩ ውሃ ውስጥ ቢቆምም ይተነፍሳል። ስለዚህ ሜዳውን ለሰብሉ ከመለወጥ ይልቅ ሰብሉን ለሜዳው መምረጥ በቂ ሆነ። ዛሬ ወረታ የሩዝ ከተማ ናት፤ የብሔራዊ ሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም እዚያው ነው።

ፎገራ ስኬት ነው ብዬ አምናለሁ። ግን ነፃ አልነበረም። በወተቱና በቁመናው የታወቀው የፎገራ ከብት የኖረው በዚያ እርጥብ የጋራ ግጦሽ ላይ ነው። ግጦሹ ሩዝ ሲሆን ከብቱ እየተመናመነ ሄደ። በጣና ዳርም ደንገሉ ሲመነጠር ታንኳ በመሥራትና በዓሣ የሚተዳደረው የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ኑሮው ጠቧል። ውሃ ሳይንጣፈፍም ክለላ ሊኖር እንደሚችል ፎገራ ያሳያል። ውሃ ተንጣፍፎ ሳይከለል መቅረት እንደሚችል ደግሞ ኢሉባቦር።

ሁለቱ ክርክሮች ሲመዘኑ

ይታረስ የሚሉት ጠንካራ ነጥብ አላቸው። የሕዝቡ ቁጥር ጨምሯል። ደጋው ተሸንሽኖ አልቋል። ረባዳ መሬት ለምና ውሃ አዘል ነው። የግል ይዞታ ከሌለ ማንም ገንዘብ አያፈስም፤ የጋራ የሆነ ነገር የማንም አይደለም፣ ይበላሻል ይላሉ። የወባው ጉዳይም እውነት ነው፤ ውሃ ማፋሰስ በብዙ ቦታ በሽታውን ቀንሷል።

የመጨረሻዎቹ ሁለት ነጥቦች ግን ማሻሻያ ይፈልጋሉ። መስኖና ግድብ ራሱ አዲስ የወባ ትንኝ መራቢያ ይፈጥራል። ቆቃ ዙሪያ የተደረጉ ጥናቶች ይህን አሳይተዋል። የጋራ መሬት የግድ ይበላሻል የሚለውንም የኢሉባቦር የጨፌ ገበሬዎችና የሆላንድ የውሃ ማኅበራት አያረጋግጡትም። ረግረግን የሚያበላሸው ደንብ የሌለው አጠቃቀም ነው፤ ያ ደግሞ በግልም በጋራም ይከሰታል።

አይነካ የሚሉት ደግሞ ረግረግ ጎርፍ እንደሚያዘገይ፣ ምንጭ እንደሚመግብ፣ ደለል እንደሚያጣራ ይናገራሉ። ትክክል ናቸው። ግን ከጨፌው እሸት ልጆቹን የሚያበላን ገበሬ «አትንካ» ማለት መልስ አይሆንም። ያ ሰው ማረሱን ያቆመ ዕለት ምን እንደሚበላ ካልተነገረው ክልከላው ወረቀት ላይ ይቀራል።

ሕጉና ከፊታችን ያለው

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም ይላል። አርብቶ አደሮች የግጦሽና የእርሻ መሬት በነፃ የማግኘት እንዲሁም ያለመፈናቀል መብት እንዳላቸውም ይደነግጋል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ግን መንግሥት እንደ አስፈላጊነቱ የጋራ ይዞታን ወደ ግል መለወጥ እንደሚችል ይናገር ነበር። ያው አዋጅ የረግረግ ብዝኃ ሕይወት እንዲጠበቅም ያዝዝ ነበር። ሁለቱ አንቀጾች በአንድ ሜዳ ላይ ሲገናኙ የሚያሸንፈው ብዙ ጊዜ ሄክታር የሚቆጥረው ነበር። አሁን አዋጁ በቁጥር 1324/2016 ተተክቷል። ዝርዝሩን የሚሠሩት ክልሎች ስለሆኑ ወሳኙ ነገር የጋራ ረግረግ ካርታ ላይ በማን ስም እንደሚመዘገብ ነው። ወቅታዊ ተጠቃሚ፣ ማለትም በበጋ ብቻ የሚመጣው ከብት አርቢና ሣር አጫጇ፣ በመዝገቡ ካልገቡ ካሣም አይደርሳቸውም።

የቆላው ስንዴ በዚሁ ከቀጠለ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርት ጥሩ እንደሚሆን መገመት አይከብድም። አፈሩ ጥሪት አለው። ጥያቄው የሚነሳው ከአሥርና ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ነው፤ የከርሰ ምድሩ ውሃ ከፍ ማለት ሲጀምር። ስለዚህ አዲስ የመስኖ እርሻ ሲመረቅ የውሃ ማስገቢያውን ርዝመት ብቻ መስማት አይበቃም። የማንጣፈፊያው ቦይስ ስንት ኪሎ ሜትር ነው? ውሃውን የሚጥለው የት ነው? እዚያ ያለው ማን ነው? ለጠረጋውስ በየዓመቱ ስንት ብር፣ ከማን ይሰበሰባል? ለነዚህ መልስ ያለው ፕሮጀክት ከወንጂ የተሻለ ዕድል አለው። መልስ የሌለው ደግሞ አሚባራ ላይ ነጭ ሆኖ የቀረውን ማሳ አስቀድሞ ሄዶ ቢያይ ይሻለዋል፤ ከአዲስ አበባ በመኪና የአንድ ቀን መንገድ ነው።